አባዬ ራሱ የተጫነው

ዛሬ ማታ የኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ ከአባዬ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። ሳልረሳው እዚህ እንዴት እንደደረስን ልጻፍ።

ከዚህ ዓመት በፊት ፋፍሳ የሚባለውን ፎርም በስሙ ብቻ ነበር የማውቀው። አሜሪካ ውስጥ ለኮሌጅ የመንግሥት ድጋፍ የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ የሚሞላው እሱን ነው። አይከፈልበትም። ዜጋ መሆንም የግድ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው ይሞላል። ይህን ለይቼ የምጽፈው እኛ ቤት ለዓመታት "እሱ እኛን አይመለከትም" ሲባል ስሰማ ስላደግኩ ነው።

ጥር ላይ ጀመርኩ። የእኔ ክፍል ቶሎ አለቀ። የከበደው የአባዬ ነበር። ፎርሙ የወላጅን ገቢ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ይወስዳል፤ ለዚያ ወላጁ በራሱ አካውንት ገብቶ መፍቀድ አለበት። እናቴና አባዬ ታክስ አብረው ስለሚያሠሩ የአንዳቸው ይበቃል። የአባዬን ስም፣ የትውልድ ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠውን መለያ ቁጥር) አስገባሁ። አይመሳሰልም አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስሙን ነበር። የእኔ የመጨረሻ ስም የእሱ ስም ነው፣ የእሱ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአያቴ። ይህን እዚህ አገር ለስንቱ አስረድቻለሁ! ስሙ ግን ልክ ነበር። የተሳሳተው ቀኑ ነው። አባዬ የካቲት ላይ እንደተወለደ ስለማውቅ ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይሬ ነበር ያስገባሁት።

"ወረቀቴ ላይ እኮ ጃንዋሪ 1 ነው" አለኝ።

"ለምን?"

"ያኔ ፎርሙን የሞላልኝ ልጅ ቀኑን መቀየር አልቻለም። እንዲህ ይሁን አለኝ። እሺ አልኩ።"

ይህች "እሺ አልኩ" ለብዙ ቀን ከጆሮዬ አልወጣችም። አባዬ እዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ ፎርም ሞልቶ አያውቅም፤ ይሞላለታል። መጀመሪያ ያ ልጅ፣ ቀጥሎ የታክስ ሠራተኛው፣ አሥር ዓመት ከሞላኝ ወዲህ ደግሞ እኔ። እኔም ስልኩን ተቀብዬ ቶሎ ቶሎ እጫን ነበር። እሱ ምን እንደፈረመ አያውቅም፣ እኔም አልነገርኩትም።

አሁንም እንደዚያው ላደርግ ነበር። የትምህርት ቤቴ አማካሪ ግን ከለከለችኝ። "አካውንቱ የአባትሽ ፊርማ ነው፤ በእሱ ፈንታ እንዳትጫኚ" አለችኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ጠበቅኩት። መነጽሩን አደረገ። የማረጋገጫ ኮዱ ስልኩ ላይ መጣለት፣ አንድ በአንድ ጻፈው። ከዚያ የፈቃዱን ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረ። በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ይቆማል፣ ይጠይቀኛል። "መረጃዬን ለማን ነው የሚሰጡት?" "እምቢ ብልስ ምን ይሆናል?" እምቢ ካለ የፌዴራል ድጋፍ እንደማላገኝ ነገርኩት። ትዕግሥቴ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ልክ እሱ ነበር። ፈርም የተባለ ሰው መጠየቅ አለበት። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ራሱ ተጫነው።

የተላለፈው ገቢ ፎርሙ ላይ በቁጥር አይታይም። እኔም አልጠየቅኩትም ነበር። ራሱ ነገረኝ። ስንት እንደሚያገኝ፣ ለአያቴ በየወሩ ስንት እንደሚልክ። የሚልከውን ፎርሙ አይጠይቅም። ቁጥሮቹን እዚህ አልጽፋቸውም። ያን ማታ ግን ብዙ አልተኛሁም።

ወደ ዛሬው ደብዳቤ ልመለስ። ግራንት የሚሉት እርዳታም፣ ብድሩም፣ ወርክ ስተዲ የሚሉት እየሠሩ የሚከፈልበትም ባንድ ዓምድ ተደርድሮ፣ ከሥር አንድ ትልቅ ድምር ተጽፏል። መጀመሪያ ሳየው በደስታ ጮህኩ። አባዬ ግን እስክሪብቶ አነሳና በየመስመሩ "ይሄ ይመለሳል?" አለኝ። ፔል ግራንት፣ ማለት መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ተማሪዎች የሚሰጠው እርዳታ፣ አይመለስም። ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፤ ለእኔ ሙሉው ባይደርሰኝም። ኮሌጁ የጨመረውም አይመለስም። 5,500 ዶላሩ ብድር ነው። ከእሱ 3,500ው እየተማርኩ እያለሁ ወለዱን መንግሥት የሚከፍለው ነው፤ 2,000ው ላይ ወለዱ ገንዘቡ ከተሰጠኝ ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። የሚመለሱትን በሙሉ አሰመረባቸው። ድምሩ ግማሽ ሆነ። ብድርን ከእርዳታ ጋር ደምሮ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መላክ ተገቢ አይመስለኝም፤ በጣም ነው የከፋኝ። 2,000ውን ለመተው ወሰንን።

አሁንም የሚጎድል አለ። ፎርሙ ያየው የ2023ን ገቢ ነው። እናቴ ግን ካለፈው መስከረም ጀምሮ የሥራ ሰዓቷ ተቀንሶባታል። አማካሪዬ እንደነገረችኝ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም፣ ማስረጃ ከቀረበ የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ጉዳዩን እንደገና ሊያየው ይችላል። የእናቴን የደሞዝ ወረቀቶች ሰብስበናል። የቀረው ደብዳቤው ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ልጀምር ስል አባዬ እጁን አነሳ።

"ቆይ፣ እኔ ልጻፈው። በአማርኛ እጽፍልሻለሁ፣ አንቺ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው።"

ይኸው እስካሁን እየጻፈ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሷል። ቢሮው ምናልባት የሚያነበው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም እመልሰዋለሁ።