ደብረ ብርሃን ላይ፣ በታኅሣሥ ውርጭ ሞዛርትን ስንጫወት

ቫዮሊን ለዓመታት ብቻዬን ተለማምጃለሁ። ከፒያኖ ጋር ሙሉ ዝግጅት ያቀረብኩት ግን ባለፈው ታኅሣሥ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ሁለት ምሽት። የአገሩን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ምን ነክቷችሁ ነው ይላል። ፒያኖ ለምትጫወተው ጓደኛዬ የሚመቻት ግን ያኔ ብቻ ነበር።

እሷ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። 88 ቁልፍ ያለውን ዲጂታል ፒያኖዋን 130 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ይዘን መጣን።

የዝግጅቱ ልብ ሞዛርት ለቫዮሊንና ለፒያኖ የጻፈው የኢ ማይነር ሶናታ ነበር፣ በሥራዎቹ ዝርዝር ቁጥሩ ኬ 304። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1778 ነው፤ እናቱ ፓሪስ ውስጥ ባረፈችበት ዓመት። ሁለት ክፍል ብቻ አለው። ሲጀምር ቫዮሊኑና ፒያኖው አንድ ዜማ እኩል ይዘው ይነሳሉ። አጃቢ የሚባል የለም። መደበቂያም የለም።

የመጀመሪያው ልምምዳችን አላማረም። እያንዳንዳችን የራሳችንን ኖታ አጥርተን አውቀናል፤ አብረን ስንነሳ ግን አንዳችን ሁልጊዜ እንቀድማለን። እኔ እየቆጠርኩ ነበር የምጀምረው። ጓደኛዬ "አትቁጠሪ፤ ስትተነፍሺ ልስማሽ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ መነሻውን ብቻ ሠራን። በምን ያህል ፍጥነት፣ በምን ያህል ድምፅ መጫወት እንደምፈልግ ትንፋሼ ይነግራታል። ይህን ብቻዬን ስለማመድ በፍጹም አልማረውም ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። ጣቶቼ እንዳይደነዝዙ ብዬ ከሰል በተያያዘበት ክፍል ተቀምጬ ቫዮሊኔን እዚያው ቃኘሁ። አዳራሹ ግን በረዶ ነው። የኔ ክሮች የብረት ናቸው፤ ብርድ ሲነካቸው ይኮማተሩና ድምፃቸው ከፍ ይላል። ዲጂታል ፒያኖ ደግሞ ብርድ መጣ ሙቀት መጣ ቅኝቱ ንቅንቅ አይልም። አንድ ዜማ በሁለት ቅኝት ተነሳ። ከጥቂት ኖታ በኋላ አቆምኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ መቃኛዋን ኖታ "ላ"ን ከፒያኖው ስጪኝ ብዬ እንደገና ቃኘሁ። ሰው ሁሉ በትዕግሥት ጠበቀኝ።

ሲያበቃ አንድ ጋቢ የለበሱ አዝማሪ ወደ እኔ መጡ። ማሲንቋቸው ቆዳው በብርድና በእርጥበት ስለሚላላ እሳት ዳር እንደሚያሞቁት ነገሩኝ። "ልጄ፣ የሚጫወቱበት ቦታ ነው የሚቃኙት" አሉኝ። እጃቸውን ይዤ አመሰገንኳቸው።

በማግሥቱ እንዳሉኝ አደረግሁ። ቫዮሊኑን ከአንድ ሰዓት በፊት ከሳጥኑ አውጥቼ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጥኩት። የሚንሸራተቱትን መቃኛዎች ጠመኔ ቀባኋቸው። እጄን በትኩስ ሻይ ብርጭቆ አሞቅሁ። አንድ ተማሪ ደግሞ መጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ ፒያኖው ቫዮሊኑን ሲውጠው ምልክት ሰጠን፤ ድምፁን ቀነስን። ሰው ሲገባ አዳራሹ ስለሚሞቅና ክሮቹ ስለሚላሉ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል እንደገና ቃኘሁ። ለታዳሚውም ለምን እንደምቃኝ ነገርኩት።

ሁለተኛው ክፍል መሃል ላይ ዜማው ከሐዘንተኛው ማይነር ወደ ብሩሁ ሜጀር ይዞራል። ፒያኖው ብቻውን፣ በጣም በቀስታ ይጀምራል። አዳራሹ ጸጥ አለ። የምገባበት ደርሶ ስተነፍስ፣ ጓደኛዬ ቀና ሳትል ጠበቀችኝ።