አስታራቂው ጳጳስ

ትናንት ለሽምግልና ተጠርቼ ነበር። ባልና ሚስት ሊለያዩ ነው። ቡናው በረካ ደረሰ፤ እርቁ ግን ከአቦል አላለፈም። ሚስትየው ሲኒዋን አንዴም አላነሳችም። ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ ታሽከረክራለች። ባልየው ስልኩን ይነካካል። "እስቲ ለሳምንት እናሳድረው" ብለን ተነሳን።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ አንድራስ ዱዲት ሳነብ አመሸሁ። በ1533 ቡዳ ከተማ የተወለደ የሀንጋሪ መኳንንት ልጅ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሠላሳ ሳይሞላው ጳጳስ ሆነ። በትሬንት በተካሄደው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ "ምእመኑ ከጽዋውም ይቀበል" ብሎ ተከራክሯል። ለካ በእነሱ ቤት ጽዋው ለካህኑ ብቻ ነበር! "ሥጋ ወደሙ" እያልን ላደግን ሰዎች ይገርማል። ኋላ ደግሞ የፔች ጳጳስ ተባለ። ፔች የሀንጋሪ ከተማ ናት፤ ያኔ ግን ከ1543 ጀምሮ በቱርኮች እጅ ነበረች። ጵጵስናው አለ፣ ከተማው የለም።

በ1565 የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን 2ኛ መልእክተኛ አድርጎ ወደ ፖላንድ ላከው። እዚያ ከሚጠብቁት ሥራዎች አንዱ ያው ሽምግልና ነው። የንጉሠ ነገሥቱ እህት ካትሪን የፖላንዱ ንጉሥ የሲጊዝሙንድ አውጉስት ሚስት ናት። ልጅ አልወለዱም። ንጉሡም ልቡ ከሸፈተ ቆይቷል። ዱዲት አልተሳካለትም። በ1566 ንግሥቲቱ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ኦስትሪያ ተመለሰች።

አስታራቂው ግን እዚያው ቀረ። ከንግሥቲቱ ደንገጡሮች አንዷን፣ ሬጊናን፣ ወዶ በ1567 አገባት። ጳጳሱ! የሰው ትዳር ሊጠግን ሄዶ የራሱን ጎጆ ቀለሰ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ሮም አልሳቀችም። አወገዘችው፤ መናፍቅ ብላም በእሳት እንዲቃጠል ፈረደችበት። ማክሲሚሊያን ግን አልጣለውም። ጵጵስናው ቢቀርም የፖላንድን ጉዳይ በእሱ በኩል መከታተሉን ቀጠለ። መቼም ወሬ አዋቂ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይጣልም።

በ1577 ትልቁ ጅራታም ኮከብ ሲታይ አውሮፓ "መዓት መጣ" ብላ ተሸበረች። ዱዲት ግን ኮከብ በሌለበት ዓመትም ጦርነትና ቸነፈር አለ፣ ኮከብ ታይቶም ምንም ሳይሆን ይቀራል ብሎ ጻፈ። ይቺን ወደድኳት። በ1589 በዛሬዋ ፖላንድ፣ ቭሮትስዋፍ ከተማ ውስጥ አረፈ።

መብራቱን ካጠፋሁ በኋላም ከአእምሮዬ ያልወጣችው ግን ካትሪን ናት። ዱዲት ይዞላት የሄደው የወንድሟን መልእክት ነው። የእሷን ፍላጎት የጠየቃት ሰው ይኖር ይሆን?

ቅዳሜ እዚያ ቤት እንመለሳለን። ትናንት ባልየውን ሦስት ጊዜ "ምን ጎደለህ?" ብለነዋል። እሷን አንዳችንም አልጠየቅናትም።