አረንጓዴ መብራቱን አምኜ

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። የዳታቤዙ ባልደረባዬ ነበር፤ እኔ የምጠብቀው ዳታው የሚቀመጥበትን ስቶሬጅና ከሰርቨሮቹ ጋር የሚያገናኘውን ኔትወርክ ነው። «ኧረ ስቶሬጅህን እየው፣ ሁሉም ነገር ተንቀራፏል!» አለኝ። እንደ ልማዴ «ችግሩ ዳታቤዙን የምትጠይቁበት ኩዌሪ ነው» ልለው አልኩና ተውኩት።

የመቆጣጠሪያ ገጼን ስከፍት ሁሉም አረንጓዴ ነው። የፋይበር ቻናል (የስቶሬጁ ኔትወርክ) ስዊቾቹ ፖርቶች በሙሉ «አፕ» ይላሉ። ትራፕም (ስዊቹ ራሱ የሚልከው ማንቂያ) አልመጣም፤ የወደቀ ፖርት ሳይኖር ከየት ይምጣ? የትራፊክ ግራፉ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው። ሲበዛ ጸጥ ያለ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ግራፉን የሠራሁት ባለ 32 ቢት ካውንተር (ያለፈውን ባይት የሚደምር ቆጣሪ) እያነበብኩ ነበር። እሱ 4.29 ቢሊዮን ባይት ገደማ ሲደርስ ከዜሮ ይጀምራል። ባለ 8 ጊጋቢት ፖርት ሲጨናነቅ በሰከንድ ወደ 800 ሜጋባይት ስለሚያሳልፍ፣ ካውንተሩ በ5 ሰከንድ ከምናምን አንድ ዙር ይጨርሳል። እኔ የማነበው በየ5 ደቂቃው! በመሃል ስንት ጊዜ እንደዞረ አላይም። ባለ 64 ቢት ካውንተር አለ፤ ስዊቾቹን የምጠይቅበት የኤስኤንኤምፒ ፕሮቶኮል ስሪት 1 ግን አያውቀውም፣ ቢያንስ 2ሲ ይፈልጋል። የኔ አሮጌ ስክሪፕት በ1 ነበር የሚጠይቀው።

ወደ ስህተት ካውንተሮቹ ሄድኩ። አንዱ ፖርት ላይ 40 ሺህ የሲአርሲ ስህተት (መንገድ ላይ የተበላሸ ዳታ)! ያዝኩት ብዬ ተነሣሁ። ከደቂቃ በኋላ ደግሜ ስጠይቅ ግን አንድም አልጨመረም። የቆየ ጠባሳ ነው፣ ቁስል አይደለም።

እየሮጠ ያገኘሁት አንድ ካውንተር ብቻ ነው፦ ክሬዲት ስንት ጊዜ ዜሮ እንደገባ የሚቆጥረው። ፋይበር ቻናል ላይ ላኪ እንዳሻው አይልክም። አንድ ፍሬም (የዳታ ጥቅል) ሲልክ አንድ ክሬዲት ይቀነስበታል፤ ተቀባዩ ቦታ ሲያገኝ ይመልስለታል። ካለቀበት ቆሞ መጠበቅ ነው። ስህተት አይመዘገብም፣ መብራትም አይጠፋም። ሁለቱን ስዊቾች የሚያገናኘው መስመር እንዲህ ቆሞ ነበር። ተከትዬው ወደ ሁለተኛው ስዊች ስሻገር ኤስኤንኤምፒ ኢንዴክስ 15 ብሎ የሚጠራው ፖርት ላይ ደረስኩ፤ ካውንተሩ እዚያ የባሰ ይሮጣል።

ፖርት 15ን ዘጋሁት።

ስልኬ ወዲያው ጮኸ። «አሁን ደግሞ ምን አደረግክ? አንዱ መስመሬ ወደቀ!» ስዊቾቹ የብሮኬድ ናቸው፤ በብሮኬድ ኤምአይቢ (ኤስኤንኤምፒ የሚያነባቸው ነገሮች ዝርዝር) የፖርቱ ኢንዴክስ ስዊቹ ላይ ከተጻፈው ቁጥር በ1 ይበልጣል፤ ፖርት 0 ኢንዴክስ 1 ነው። ኤምአይቢው ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። መልቲፓዝ (አንድ መስመር ሲወድቅ ሰርቨሩ በሌላው እንዲቀጥል የሚያደርገው) ባይኖር ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። 15ን ከፍቼ 14ን ዘጋሁ፤ ዳታቤዙ ተነፈሰ።

ፖርት 14 ላይ የነበረው የባክአፕ ሰርቨር ነው። ካርዱ ባለ 4 ጊጋቢት ነው፤ ስቶሬጁ በ8 ይልክለታል። በዚያው ቀን አንድ ሰው አብረው የሚሄዱትን የባክአፕ ሥራዎች ቁጥር ጨምሮበት ኖሯል። ሰርቨሩ የጠየቀውን ዳታ ቶሎ መቀበል እያቃተው፣ ከኋላው ዳታቤዙም አብሮ ተሰለፈ። የፖርቱን ፍጥነት እኮ በኤስኤንኤምፒ ጠይቄው ቢሆን ይነግረኝ ነበር።

አሁን የክሬዲቱን ካውንተር በየደቂቃው አነባለሁ፤ የማየው ድምሩን ሳይሆን ልዩነቱን ነው። ማንቂያውም በቁጥር ፋንታ ስዊቹ ላይ የተሰጠውን የፖርቱን ስም ይዞ ይመጣል። የዳታቤዙ ባልደረባዬ ግን ዛሬም ፖርት ልዘጋ ነው ስለው «ከዜሮ ጀምረህ ቆጥረሃል?» ይለኛል።