«የጨጓራ ይዘት» ብዬ የመዘገብኳቸው

ሐዋሳ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ በፎርማሊን ተጠብቃ ከውጭ አገር የመጣች አንዲት ሻርክ በተማሪዎች ፊት እንድከፍት ታዘዝኩ። ዝርያዋ ስፓይኒ ዶግፊሽ የሚባለው፣ ከሁለቱ የጀርባ ክንፎቹ ፊት አንዳንድ እሾህ ያለው፣ ለገበያ በብዛት የሚጠመድ ሻርክ ነው። እጄ የለመደው ከሐይቃችን የሚወጡትን ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ስለነበር፣ ሆዷን ከፍቼ ያን ግዙፍ ጉበት ገለጥ ሳደርግ ያገኘሁትን ለስላሳ ከረጢት ሳላመነታ ጨጓራ ነው አልኩ። በምላጭ ስሰነጥቀው ስንዝር የማይሞሉ ሦስት ዓሦች ተደርድረው ተኝተዋል፤ ከጎኑ ያለውን ሁለተኛ ከረጢት ስከፍት ደግሞ ሌሎች ሦስት ተገኙ። ሁለት ጨጓራ ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ፣ በመዝገቡ ላይ «የጨጓራ ይዘት፦ 6 ትናንሽ ዓሦች» ብዬ ጻፍኩ፤ ተማሪዎቹም ተከትለውኝ ጻፉ።

ፊት የቆመች ተማሪ አንዱን በወረንጦ አነሳችና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ታስሯል» አለች። ከትንሹ ዓሣ ደረት ሥር በወጣ ቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ ቢጫ የአስኳል ከረጢት ተንጠልጥሏል። ልብ ብለን ስናይ የስድስቱም ቁመት እኩል ነው፣ ቆዳቸው አንድም ቦታ አልተፈጨም፣ የእሾሃቸውም ጫፍ እናታቸውን እንዳይወጋ በለስላሳ ቆብ ተሸፍኗል። በጣም ያሳፈረኝ፣ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ እያወቅሁ ይህን መሳሳቴ ነው፤ በሐይቃችን ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ያደገ ሕፃን እንኳ በአፏ ያሉትን ዋጠቻቸው አይልም።

የትምህርቱ መምህር መጥተው ሲያዩ ምንም ሳይቆጡ «ጨጓራ» የሚለውን ሰርዘው «ማሕፀን» ብለው ጻፉ፤ ከዚያም የቀረውን ሰዓት በሙሉ በዚያው ላይ አዋሉት። ይህች ሻርክ የምትፀንሰው በሆዷ ውስጥ ሲሆን፣ በሁለቱ ማሕፀኖቿ የሚገኙት እንቁላሎች በመጀመሪያዎቹ ወራት በየማሕፀናቸው በአንድ ስስ ሽፋን ተጠቅልለው ይቆያሉ፤ ሽፋኑ ሲቀደድ እያንዳንዱ ሽል የራሱን አስኳል እየተመገበ ያድጋል። እርግዝናዋ ከ18 እስከ 24 ወር ስለሚፈጅ ከዝሆን ጋር የሚወዳደር ነው፤ የምትወልደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ያህል ብቻ ነው። በሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰውም በ12 ዓመቷ ገደማ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ የገበያው ነገር ነበር። ሴቶቹ ከወንዶቹ ስለሚተልቁና ገዢም ትልቁን ስለሚመርጥ፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ አጥማጆች በዋናነት የሚያወጡት እናቶቹን ነበር፤ በሚዛን ላይ የሚታየው ኪሎ ብቻ ስለሆነ አብሮ የሚቀረውን ሽል የሚቆጥር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ዝርያው ከልክ በላይ መጠመዱ በይፋ ተገለጸ፤ አገገመ የተባለው በ2010 ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስህተቴን ለማሳረም የተማሪዎቹን ደብተር አንድ በአንድ ተመለከትኩ። ወረንጦውን የያዘችው ልጅ የምትሰርዘው አልነበራትም፤ ቦታውን ባዶ ትታው ነበር።