የተበተኑ 300,000 ድንጋዮች፦ አምስት ቀን በካምቦዲያ

ካምቦዲያ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ሲየም ሪፕ ከተማ ወርዶ ጥንታዊውን ቤተ መቅደስ አንኮር ዋትን ያይና ይመለሳል። እኔም ሐሳቤ እሱ ነበር። ከባንኮክ ወደ ፕኖም ፔን የሚሄደው በረራ ርካሽ ስለነበር ብቻ ከዋና ከተማዋ ጀመርኩ። አሁን ግን ማንም ቢጠይቀኝ ከዚያ ጀምር ነው የምለው።

የያዝኩት አንድ የጀርባ ቦርሳ ነው። ቅያሪ ልብስ፣ ጉልበት የሚሸፍን ሱሪ፣ ዶላር። ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ ዋና ዋናዎቹ ቤተ መቅደሶች ላይ ይመልሷችኋል። ዶላሩንም ከመነሳታችሁ በፊት አንድ በአንድ እዩት፤ ጫፉ ትንሽ የተቀደደ ከሆነ የሚቀበላችሁ የለም። መልስ የሚሰጣችሁ በሪኤል ነው፤ አንድ ዶላር ወደ 4,000 ሪኤል ይመጣል።

መጀመሪያ የሄድኩት ቱኦል ስሌንግ ነው፤ እስር ቤት የነበረ ሙዚየም። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት ነበር። በር ላይ እንደቆምኩ ልቤን ያራደው ይሄ ነው፤ ግቢው የማውቀው ዓይነት የሁለተኛ ደረጃ ግቢ ነው፤ ፎቅ፣ ረጅም በረንዳ፣ ዛፍ፣ ደወል ተደውሎ ተማሪ ግር ብሎ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ክፍሉ ውስጥ ግን የብረት አልጋና የእግር ብረት ነው ያለው። ሌላው ሕንጻ ላይ የመማሪያ ክፍሎቹን በጡብ ከፋፍለው አንድ ሰው በቅጡ የማይተኛባቸው ጠባብ ጠባብ ክፍሎች አድርገዋቸዋል። በረንዳው እስከ ላይ በእሾህ ሽቦ ታጥሯል። እስረኞቹ ዘለው ራሳቸውን እንዳያጠፉ ነው።

ክሜር ሩዦች የሚባሉት የካምቦዲያ ኮሚኒስት ታጣቂዎች ፕኖም ፔን የገቡት በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ወዲያው ሕዝቡን በሙሉ፣ ሆስፒታል የተኛውን ሕመምተኛ ሳይቀር፣ ከከተማ አስወጥተው ወደ ገጠር ነዱት። ከተማዋ ከእጃቸው የወጣችው ታኅሣሥ 29 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ገናን በምናከብርበት ዕለት። ካምቦዲያውያን ዘመኑን ሲጠሩት «ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ከሃያ ቀን» ይላሉ። ቀኗን ሳይቀር ቆጥረው። በዚያ ጊዜ ወደ 1.7 ሚሊዮን ሰው አልቋል። ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመጡት ከ12,000 በላይ እስረኞች ደግሞ በሕይወት የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከሁሉም የከበደኝ ፎቶዎቹ ናቸው። እስረኛው ሲመጣ ፎቶ ያነሱት ነበር፤ ግድግዳው በሙሉ ፊት ነው፤ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች፤ አንዱ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ይሄን ግድግዳ ያውቀዋል። ዘመኑም ያው ነው፤ እኛ ጋ 1969 እና 1970። ወጥቼ ዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ውጪ የሚጠብቀኝ የቱክቱክ ሹፌር እንደዘገየሁ አላነሳብኝም፤ ውኃ ብቻ ሰጠኝ። እሱ ግን አንድም ቀን ገብቶ እንደማያውቅ ነገረኝ።

ከሰዓት ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ወዳለው ቹንግ ኤክ ሄድን። የጅምላ መቃብር ነው። ዝናብ ሲጥል እስከ ዛሬ ከአፈሩ ውስጥ የሰው ልብስና አጥንት ብቅ ይላል። ስለዚህ ቦታ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዤ ሲየም ሪፕ ገባሁ። የአንኮር መግቢያ ለአንድ ቀን 37፣ ለሦስት ቀን 62 ዶላር ነው። የሦስቱን ውሰዱ። በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ያለ ሰው ፎቶ ብቻ ይዞ ነው የሚመለሰው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አንኮር ዋት ነበርኩ። ሰው ሁሉ በፊት ለፊት ኩሬው ዳር ካሜራ ደግኖ ቆሟል። ፀሐይዋ ከማማዎቹ ጀርባ ስትወጣ በእውነት ታምራለች፤ ግን የእኔ ምክር ሌላ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አብዛኛው ሰው ለቁርስ ይበተናል። ያኔ ግቡ። ንጉሥ ሱርያቫርማን 2ኛ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ለሂንዱው አምላክ ለቪሽኑ ያሠራው ነው፤ በኋላ የቡድሃ መቅደስ ሆነ። ውስጥ ግድግዳው ላይ አማልክትና አጋንንት እባብን እንደ ገመድ ይዘው ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ የወተት ባሕር ሲንጡ የተቀረጸበት ወደ 50 ሜትር የሚረዝም ሥዕል አለ። ባዶ ኮሪደር ውስጥ ብቻዬን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት። ቅቤ ሲናጥ እያየ ላደገ ሰው ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ባዮን የሚባለው ሌላው ቤተ መቅደስ ላይ ከየማማው የሚያዩዋችሁ ትልልቅ የድንጋይ ፊቶች አሉ፤ ዓይናቸው ዝቅ ያለ፣ ፈገግ ያሉ። ያሠራው ጃያቫርማን 7ኛ በ1181 እ.ኤ.አ. የነገሠ ነው። ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ዘመነኛ ማለት ነው! ሁለቱ አንዱ የአንዱን መኖር ሳያውቁ፣ አንዱ አለቱን ከላይ ወደ ታች ሲያስፈልፍል ሌላው ከኩሌን ተራራ ድንጋይ እያስመጣ ወደ ላይ ሲያስደረድር። ይሄው ንጉሥ ለእናቱ መታሰቢያ ያሠራው ታ ፕሮም የዛፍ ሥር የወረሰው ነው። ሥሩ ግንቡን ሰንጥቆታል፤ ደግሞም ደግፎ ይዞታል። ዛፉ ቢነሳ ግንቡም ይወርዳል።

ባንቴይ ስሬይ ትንሽ ናት፣ ሮዝ ድንጋይ፣ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለች። በ1923 እ.ኤ.አ. ኋላ የፈረንሳይ የባህል ሚኒስትር የሆነ ሰው ቅርጾቿን ነቅሎ ሲወስድ ተይዟል። የመቅደላን ታሪክ ለምናውቅ ሰዎች እዚያ ቆሞ መናደድ ቀላል ነው።

ባፑኦን ግን ሌላ ነው። የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ውስጡ አሸዋ ስለሆነ ይናድ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ባለሙያዎች ሊያድሱት ፈታቱት፤ ወደ 300,000 የሚሆን ድንጋይ አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥተው፣ መዝግበው፣ ዙሪያውን ጫካ ውስጥ ዘረጉት። ከዚያ ጦርነት መጣ። ክሜር ሩዥ ሲገባ መዝገቡ በሙሉ ጠፋ። ድንጋዩ ሜዳ ላይ ቀረ፤ የቱ ከየት እንደነበረ የሚናገር ወረቀት የለም። ድንጋዮቹ ደግሞ ያለ ማያያዣ እርስ በርስ የሚገጥሙ ስለሆኑ እያንዳንዱ ቦታው አንድ ብቻ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. እንደገና ጀመሩ። በ2011 ጨረሱ።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት የሲየም ሪፕ ሹፌሬን አብረን እንውጣ አልኩት። ቦንግ ነበር የምለው፤ ታላቅ ወንድም ወይም እህት እንደማለት ነው፣ እንደ እኛ ጋሼ። ካምቦዲያውያን መግቢያ አይከፍሉም። ገደል የመሰለውን የባፑኦን ደረጃ ቀስ ብለን ወጣን። ላይ ስንደርስ አጎቱ እዚህ ይሠራ እንደነበር ነገረኝ። የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ድንጋይ ያነሳ፣ ይለካ፣ አልገጥም ሲል መልሶ ያወርድ ነበር። «የትኛው ጋ?» አልኩት።

ወደ ምዕራብ በኩል ዞረን ወረድን። እዚያ ግድግዳው ራሱ 70 ሜትር ገደማ የሚረዝም የተኛ ቡድሃ ነው፤ ከቅርብ ሲያዩት ድንጋይ ብቻ ነው የሚመስለው፤ ራቅ ሲሉ ፊቱ ይታያል። ቦንግ እጄን ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አስኬደኝ፤ ሣሩ ላይ አቆመኝና በጣቱ አሳየኝ፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን። ከዚያ ከትከሻው በታች አንድ ቦታ ጠቆመና «ያ ጋ» አለኝ።