መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ፦ ከቱሉ ዲምቱ የንባብ ማስታወሻ

በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ያለን አንባቢዎች ረጅም ልብ ወለድ የምናነብበትን መንገድ ለውጠናል። ካነበቡት መጽሐፍ በዓመቱ ሽፋኑ ብቻ ትዝ የሚላቸው ብዙ ስለሆኑ፣ እስካሁን የሠራውንና ያልሠራውን እነሆ። ለውጡ ባጭሩ፦ ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ቀርቶ ዋናው ሥራ መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ ሆኗል።

ደግሞ ማንበብ ያታልላል። ገጹን ሲያዩት «ይህንማ አውቀዋለሁ» ያሰኛል፤ ያ ግን ያዩትን መለየት ነው እንጂ ከራስ አውጥቶ መናገር አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ በአራት ዙር ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። በአንድ ዙር ብቻ አንብበው በሦስት ዙር ከቃላቸው የጻፉት ግን 61 በመቶ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ብዙ ሰው በማስመርና በመደጋገም የሚጸናው ባነበበበት ማታ የሚሰማውን ስለሚያምን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ከ25 እስከ 30 ገጽ ወይም አንድ ምዕራፍ ይነበባል፤ ዕልባት ገብቶ መጽሐፉ ይዘጋል፤ ቡና እስኪፈላ ያህል ይቆያል። ከዚያ መጽሐፉ ሳይከፈት ሦስት ነገር ይጻፋል፦ አንድ ትዕይንት፣ ጆሮ ላይ የቀረ አንድ ንግግር፣ መጽሐፉ ያልመለሰው አንድ ጥያቄ። አሁን ተከፍቶ የተሳሳተው በቀይ እስክሪብቶ ይታረማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ገና ሳይጽፍ ገጹን ይገልጣል። ለማስታወስ የሚደረገው ትግል ነው ትዝታውን የሚያጸናው፤ ስሙ ካልመጣ ባዶ ቦታ ትቶ መቀጠል ይሻላል።

ጥያቄው ላይ ቸኩሎ ማለፍ ኪሳራ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብንወስድ፣ «የሰብለ ወንጌል አባት ማን ናቸው?» የሚለው በአንድ ስም ይዘጋል፤ ከተዘጋም አብሮ ይረሳል። «በዘር መኩራት ፊታውራሪ መሸሻን ልጃቸውን ያለ ባል እስከ ማስቀመጥ ለምን አደረሳቸው?» የሚለው ግን ትዕይንቶቹን ሁሉ ይጎትታል። «ምን ሆነ» ሳይሆን «ለምን እንዲህ አደረገ» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከእኛ ሰፈር መሀል ከተማ መድረስ ረጅም ጉዞ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወንበር አይገኝም። ቆሞ መጽሐፍ ለመግለጥ መታገል ዓይን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። በአውቶቡስ ውስጥ የሚሆነው ሥራ ያለ መጽሐፍ የሚሠራው ነው፤ የትናንቱን ምዕራፍ ከመጨረሻው ትዕይንት ወደ መጀመሪያው በሐሳብ መመለስ። ወደ ኋላ ሲሄዱ የጠፋው ማያያዣ ቶሎ ይታያል። ማታ ሲገቡ እሱን ብቻ ከመጽሐፉ መፈለግ ነው።

ክለሳው በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ30ኛውና በ90ኛው ቀን ነው፤ ቀኖቹ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ በእርሳስ ይጻፋሉ። እያንዳንዱ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ አድርጎ በ1885 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሙከራ፣ ትርጉም የለሽ የቃል ቀለማት (አጫጭር የድምፅ ክፍሎች) በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህል ከእጁ አምልጠዋል። ልብ ወለድ ትርጉም ስላለው እንዲህ ፈጥኖ አይሄድም፤ የገጸ ባሕርያት ስምና የክስተቶች ቅደም ተከተል ግን ቀድመው ይጠፋሉ። ስለዚህ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ለስምና ለዝምድና ብቻ ይተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያተረፈን ግን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» መዋኘት ይሁን ቀዳሚ፣ «ገና» በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ነገር፣ «ይበላል» በይው ይሁን ተበይው፣ ዓይን ሳይወስን ያልፋል። አፍ ሳይወስን ማለፍ አይችልም፤ ለመወሰን ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ መረዳት ግድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚያው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ያኖሩ ነበር፤ ልማዱ አለመስፋፋቱ ያሳዝናል። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው በጆሯቸው የያዙት ሰዎችም ብዙ ናቸው። ተራኪው ሲያነብ ማጥበቁንና ማላላቱን፣ የት እንደሚተነፈስም ወስኖላቸዋል።

ሁሉን ጮክ ብሎ ማንበብ ግን አይበጅም። ጉሮሮ ይደክማል፤ ደግሞም ሁሉ እኩል ከተነበበ የተለየ ሆኖ የሚቀር ነገር የለም። ከአንድ ምዕራፍ ሁለት ገጽ፣ በተለይ ምልልስ ያለበት፣ በቂ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ስለሆነ በሹክሹክታ ማድረግ ይቻላል፤ ከንፈር እስከ ተንቀሳቀሰ ድረስ ይረዳል።

በቡድን ሲነበብ ከውይይቱ በፊት 10 ደቂቃ ዝም ተብሎ እያንዳንዱ በየራሱ ይጻፍ። ይህ ሲዘለል አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሰው ትዝታ የሁሉም ትዝታ ይሆናል፤ ስህተቱም አብሮ። ሌላው ጥፋት መጽሐፍ በተጨረሰበት ማታ ሌላ መጀመር ነው። ሁለቱ በዘመንና በቦታ ከተቀራረቡ ገጸ ባሕርያቱ ይደባለቃሉ። ሁለት ቀን ክፍት መተው፣ ካልሆነም ቀጥሎ ግጥም ወይም የታሪክ መጽሐፍ መያዝ ይሻላል።

ገና ያልተስተካከለልን የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ነው። በአንድ ቁጭታ አራት አምስት ትረካ ሲነበብ የአንዱ መጨረሻ ወደ ሌላው ይገባል። አሁን እየሞከርን ያለነው በቀን አንድ ብቻ አንብቦ፣ ለእያንዳንዱ ከውስጡ በተወሰደ አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ በጃንጥላ ወይም በሰበር ጀበና፣ ስም ማውጣት ነው። የ7ኛው ቀን ክለሳ ላይ ዕቃው ትረካውን እየጠራ ነው፤ የ30ኛው ቀን ገና አልደረሰም።