ጫጩቶቼ የጎደላቸው መድኃኒት አልነበረም

ይህን የምጽፈው ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው።

ቤቴ ባሕር ዳር፣ በዘንዘልማ በኩል ነው። ለፋሲካ ገበያ ላደርስ 200 የአንድ ቀን ጫጩት ገዛሁ። ቤት ሠራሁ፣ ጭድ አነጠፍኩ፣ አምፖል ሰቀልኩ፣ በወቅቱ አስከተብኩ። ይህን ማንም ያሳያችኋል።

ጉዴ የፈላው መኖ ላይ ነው።

ሁለት ሳምንት የፋብሪካ መኖ በልተው ደህና አደጉ። ከዚያ ዋጋው አንገበገበኝና አንድ ባለሙያ አማከርኩ። «በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅል። ፋጉሎ ፕሮቲን ነው፣ ይበቃል» አለኝ። 60 ኪሎ በቆሎ፣ 15 ኪሎ ፉርሽካና 25 ኪሎ ፋጉሎ (የኑግ ዘይት ሲጨመቅ የሚቀረውን) ቀላቀልኩ። ርካሽ ነበር፤ ደስ አለኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ላባቸው ተንጨፈረረ። እርስ በርስ መነቃቀር ጀመሩ፤ ደም ያዩበት ላይ ይረባረባሉ። ባለሙያው መጣ፤ በር ላይ ቆሞ አያቸውና «በሽታ ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘ። አምስት ቀን በውሃ በጥብጬ ሰጠሁ። ምንም ለውጥ የለም። ስደውልለት ሌላ መድኃኒት ጨመረ። 23 ሞቱብኝ። ሰውዬው አንድም ቀን «ምን እያበላሃቸው ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቅልቅሉን የነገረኝ ራሱ ሆኖ! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በራሴም እናደዳለሁ፤ ሚዛን ቤቴ እያለ አንዷን እንኳ መዝኜ አላየሁም።

በመጨረሻ እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። በቆሎ 9 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ፉርሽካ 15፣ ፋጉሎ 30 ገደማ። የእኔ ቅልቅል ሲሰላ 15 በመቶ ብቻ ሆነ። ጫጩት ግን ከ18 እስከ 20 ይፈልጋል። በዚያ ላይ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በኑግ ፋጉሎም በበቆሎም ያንሳል። እሱ ካጠረ የቀረው ፕሮቲን ቢበዛም ሥጋ አይሆንም። ፋጉሎ አሰርም (ገለባ ነገር) ይበዛበታል። በግ ያመነዥገዋል፤ ጫጩት ምን ታድርገው?

መላውን ያገኘሁት ሐይቁ ዳር ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ የአሳ ገበያው ደርቷል፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ተቆልሏል። አሳ የሚያጸዱ አንድ እናት «አንተ ልጅ፣ ይሄን ቀቅለህ አድርቀህ ስጣቸው እንጂ፤ የእኔ ዶሮዎች በሱ አይደል የሚጥሉት» አሉኝ።

አሁን ለመቶ ኪሎ መኖ የምጠቀመው ይህን ነው፦ በቆሎ 55፣ የተቆላ አኩሪ አተር 25፣ ፋጉሎ 10፣ የአሳ ዱቄት 6፤ ቀሪው 4 የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ጨውና የቪታሚን ድብልቅ። አኩሪ አተሩን ሳትቆሉ እንዳትሰጡ፤ ጥሬው ፕሮቲኑ ሆዳቸው ውስጥ እንዳይፈጭ ያግዳል። አሳውን በደንብ ቀቅሉት፣ ካልሆነ በሽታ ታመጣላችሁ። ከመሸጣችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ አቁሙት፤ ሥጋው አሳ አሳ ይላል። «ፋጉሎ ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ለጫጩት አይበቃም።

በሁለት ሳምንት መነቃቀሩ ቆመ፣ ላባቸው ተመለሰ። ለፋሲካ ግን አልደረሱም። ገሚሱን በወረደ ዋጋ ሸጥኩ።

አሁን ሁለተኛ ዙር ይዣለሁ። በየእሑዱ አሥሩን እመዝናለሁ። ደብተሩ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባለሙያ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የማሳየው።